“ክርስቲያን ነኝ” ብሎ ማለፍ ይበቃል? የአንባቢዎቻችን ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን ተቀራራቢ ነገር ነው። ካቶሊክነቴን በቢሮ፣ በትዳር፣ በሰው ሀገር፣ በገበያ እንዴት ልኑረው? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ነበርን። ስለዚህ አብዛኞቻችን ስንማርም፣ ስንሠራም፣ ስናገባም አብሮን ያለው ሰው የሌላ እምነት ሰው ነው። ጥያቄው በየቀኑ ይመጣል፣ መሸሽም አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮአችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም አለ። ሃይማኖት ሲነሳ “ክርስቲያን ነኝ” ብዬ አልፋለሁ። ካቶሊክ ነኝ ካልኩ “እሱ የፈረንጅ ሃይማኖት አይደል?” የሚል ይነሳል፣ ያንን ክርክር አልፈልገውም። ግን ውስጤ ይረበሻል። ይሄ መካድ ነው? እምነቴንስ እንዴት ነው የማካፍለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መካድ አይደለም። ክርስቲያን ነህ፣ እውነት ነው የተናገርከው። የሚረብሽህ መደበቁ ይመስለኛል። ሰው ደግሞ ለብዙ ጊዜ ሲደበቅ የተደበቀው ነገር የሚያሳፍር መስሎ ይሰማዋል፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ “በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ” ይልና ወዲያው “ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን” ብሎ ይጨምራል። ብዙዎቻችን ከዚህ ቃል ግማሹን ብቻ ነው የምንይዘው። አንዳንዱ የዋህ ለመሆን ብሎ መልስ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ መልሱን ይዞ ሰው ላይ ይጮኻል። ጴጥሮስ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የጠየቀን። ሌላም ልብ በል፤ “ለሚጠይቁአችሁ” ነው ያለው። ሰው እንዲጠይቅህ ደግሞ መጀመሪያ ማንነትህን ማወቅ አለበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ “ካቶሊክ ነኝ” በል፣ በቃ። ማብራሪያ አትጨምርበት። ሰኞ ጠዋት “እሑድ የት ነበርክ?” ሲሉህ “ቅዳሴ” በል፣ ሌላው ሰው ኳስ ሜዳ ነበርኩ እንደሚለው ቀለል አድርገህ። ምሳ ከመብላትህ በፊት አማትብ። ካፌም ቢሆን አማትብ። ይህን ሁሉ ለማሳየት ብለህ አታድርገው፤ ለመደበቅ ብለህም አታቁመው።

“የፈረንጅ ሃይማኖት” የሚለውን በተመለከተ፣ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅምሃል። ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበረች። ከእነዚያ አንዱ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 የግእዝ አዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ያሳተመው እሱ ነው። ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያኮቢስ፣ ሀገሬው አቡነ ያዕቆብ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ ሲገባ ጣሊያናዊ ነበር። ግን አማርኛ፣ ትግርኛና ግእዝ ተማረ፣ እንደ ሀገሩ መነኮሳት ለበሰ፣ እንደነሱ ጾመ፣ የግእዙን ሥርዓተ ቅዳሴም ያዘ። ከእሱ ጋር የነበረው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ የጎጃም ሰው ነው፣ የመርጡለ ማርያም መነኩሴ፣ እውነት ፍለጋ ከገዳም ገዳም የተንከራተተ ሊቅ። ስለ እምነቱ በእስር ሲንገላታ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1855 ሞተ። ይህን የምጽፍልህ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው እንድትረታበት አይደለም። ራስህ አንገትህን እንዳትደፋ ነው። የምትጸልይበት ቤት የአያቶችህ ቤት ነው።

ማካፈሉን በተመለከተ ግን ትልቁ ነገር ከአፍህ አይጀምርም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ጳውሎስ 6ኛ የዘመኑ ሰው ከመምህራን ይልቅ ምስክሮችን መስማት ይወዳል፣ መምህራንንም የሚሰማው ምስክሮች ስለሆኑ ነው ብለው ነበር። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ። ያልተወጣ የመስክ አበል ተሠርቶ ሲመጣልህ የምታደርገውን ባልደረቦችህ ያያሉ። ስህተት ሲገኝ ጥፋቱን ትንሿ ጸሐፊ ላይ ትጥላለህ ወይስ ራስህ ትወስዳለህ? ያያሉ። አለቃው ሲወጣ ሐሜቱ ሲጀመር አንተ ምን እንደምትል ያያሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ በጣም የማምንበት ነው። በሀገራችን የታመመ መጠየቅና ለቅሶ መድረስ የሁሉም ሰው ወግ ነው፣ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ የሥራ አስኪያጁ አባት ሲሞት ሄደህ ብትቀመጥ ማንም ምንም አይልህም፣ ሁሉም ሄዷልና። የጽዳት ሠራተኛዋ እናት ስትሞትስ? የዘበኛው ልጅ ሆስፒታል ሲተኛስ? እዚያ ሂድ። ሦስተኛው ቀን አልፎ ሰው ሁሉ ሲበተን ደግሞ እንደገና ሂድ። አንድ ቀን “አንተ ግን ለምንድነው እንዲህ የምታደርገው?” የሚልህ ሰው ይመጣል። ያኔ ስለ ክርስቶስ ንገረው። በአጭሩ፣ በራስህ ቃል፣ ሳትሸማቀቅ።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ ኦርቶዶክስ ነው፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ። እናቱ ተጠምቄ ካልገባሁ ተክሊል እንደማይኖር ነግረውኛል። እሱ ደግሞ “ለሠርጉ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያንሽ ብትሄጂ ማን ይከለክልሻል” ይለኛል። አባቴ ይህን ሰምተው አኩርፈዋል፣ አያናግሩኝም። እምነቴን መኖር የምለው ነገር እዚህ ላይ ጠፋብኝ። ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ እጮኛሽ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። በእናቱና በአንቺ መሃል ተይዞ ሁሉንም ሊያስደስት እየሞከረ ነው። “ለሠርጉ ብቻ” የሚለውን ግን አትቀበይ።

አንደኛ፣ አንቺ ተጠምቀሻል። ሁለታችሁም በጸሎተ ሃይማኖት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ትላላችሁ፤ እናቱም ይሉታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክሱን ጥምቀት ሙሉ በሙሉ ትቀበላለች፣ እሱን ዳግም እናጥምቅህ የሚለው የለም። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥ ይከብዳል። የማታምኚበትን ነገር ካህን ፊት ቆመሽ አምናለሁ ብትዪ የምትዋሺው የእሱን ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቱ ያንን ሥርዓት ከልባቸው ያከብሩታል። አንቺ ለፎቶና ለቪዲዮ ብለሽ ብትገቢበት ያቃለልሽው የእሳቸውን እምነት ነው። በእውነት አምነሽ ብትሄጂ ሌላ ነገር ነበር፤ ከደብዳቤሽ እንደምረዳው ግን እንደዚያ አይደለም። ይህን ልክ እንደዚህ አድርገሽ፣ በአክብሮት፣ ለእናቱ ንገሪያቸው። “እማማ፣ የእርስዎን ጥምቀት መጫወቻ ላደርገው አልፈልግም” በያቸው። እንቢታሽን ከንቀት ሳይቆጥሩት ይሰሙሽ ይሆናል።

አሁን በእኛ በኩል ያለውን ሕግ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አባትሽም በደንብ የሚያውቁት አይመስለኝም። ካቶሊክና ኦርቶዶክስ መጋባት ይችላሉ። የቁምስናሽን ቆሞስ፣ ማለትም የአጥቢያሽን ኃላፊ ካህን፣ ታነጋግሪያለሽ፣ እሳቸው ከጳጳሱ ፈቃድ ይጠይቁልሻል። አንቺ ከእምነትሽ የሚያርቅሽን ነገር ለማስወገድ ዝግጁ መሆንሽን ትገልጫለሽ፤ ልጆቻችሁ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የምትችዪውን ሁሉ እንደምታደርጊም ከልብሽ ቃል ትገቢያለሽ። እሱ ይህን ቃል መግባትሽን እንዲያውቅ ይደረጋል። እሱ ራሱ ካቶሊክ እንዲሆን አይጠየቅም። ሠርጉ በሁለቱም ቤተ ክርስቲያን፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፣ ተደግሞ አይፈጸምም፤ ቃል ኪዳኑ አንድ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ካቶሊክ በኦርቶዶክስ ካህን ፊት ተባርኮ ቢያገባ፣ ሌላ እንቅፋት ከሌለ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያን ጋብቻ ጋብቻ አይደለም አትልም። ፈቃድ ሳይጠየቅ መደረጉ ስህተት ነው፣ ጋብቻው ግን ይጸናል። በእነሱ በኩል ግን ተክሊል ሁለቱም የቤተ ክርስቲያኗ ልጆች እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ አንቺም እዚህ ጭንቀት ውስጥ የገባሽው ለዚህ ነው። የቀረላችሁ መንገድ ብዙውን ጊዜ በእኛ በኩል ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ እምነቱን ሳይለቅ ሊገባበት ይችላል። ቤተሰቡ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፣ ያንን ልሸፍንልሽ አልችልም።

የልጆቹን ነገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ተነጋገሩ። ከሠርግ በኋላ እናየዋለን የሚሉ ጥንዶች በመጀመሪያው ልጅ ክርስትና ቀን ይጣላሉ። ሁለቱ አያቶች መሃል ገብተው፣ ሕፃኑ ታቅፎ፣ ያሳዝናል። ሌላም ነገር አስተውዪ፣ አሁን እሑድ ቅዳሴ ስትሄጂ ምን ይላል? አሁን በእጮኝነቱ ዘመን ፊቱ የሚጠቁር ከሆነ በኋላ አይቀልም።

መልካሙ ዜና ደግሞ በሀገራችን የጋራችሁ ነገር ብዙ መሆኑ ነው። ሁዳዴ አብራችሁ ትገባላችሁ፣ ፋሲካና ገና በአንድ ቀን ነው፣ አቡነ ዘበሰማያት የሁለታችሁም ነው፣ እመቤታችንን ሁለታችሁም ትወዳላችሁ። ማታ ማታ አብራችሁ ጸልዩ፣ ከአሁኑ ጀምሩት። አባትሽ ጋ ደግሞ ራስሽ ሂጂና ጉልበታቸውን ሳሚ፤ “አልከዳሁም” የሚለውን ከአንቺ አፍ መስማት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም! ቲክቶክ ላይ ካቶሊክን ሲሳደቡ ዝም ማለት አልችልም፣ ላይቭ ገብቼ እስከ ሌሊት እከራከራለሁ። እምነትን መከላከል ግዴታ ነው አይደል? (ከወላይታ ሶዶ)

መልስ፦ ግዴታ ነው፤ ስድብ ግን መከላከል አይደለም። እዚያ ላይቭ ላይ የሚሰማህ ሰው ሊረታህ እንጂ ሊያውቅ አልመጣም፣ አንተም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እንደሱ ነህ። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ብራዚል ላይ ቤተ ክርስቲያን የምታድገው ሰውን እየጎተተች ሳይሆን እየሳበች ነው ብለዋል።

ስልክህን ተው አልልህም። ቅዱስ ካርሎ አኩቲስ እ.ኤ.አ. በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር የሞተ ጣሊያናዊ ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። ኮምፒውተር ይወድ ነበር፣ በቅዱስ ቁርባን ዙሪያ ስለተደረጉ ተአምራት ድረ ገጽ ሠርቷል። ማንንም አልሰደበም። ሚላን ውስጥ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ምግብና የመኝታ ልብስ ይወስድ ነበር። በየቀኑ ቅዳሴ ይሄድ ነበር። አንተም የምታውቀውን ነገር አንዷን ብቻ ወስደህ፣ ለምሳሌ ንስሐ ለምን ካህን ጋ እንደምንገባ፣ በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በጥሩ አማርኛ ወይም በወላይትኛ አስረዳ። ከመለጠፍህ በፊት ለካቴኪስትህ፣ ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪህ፣ አሳይ። ኮሜንት ላይ የሚሳደበውን እለፈው፣ የሚጠይቀውን መልስለት። ሌሊት ደግሞ ተኛ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው ያለሁት፣ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ከመጣሁ ቅዳሴ አላየሁም፣ ቆርቤም አላውቅም። መቁጠሪያዬን ትራሴ ሥር ነው የማስቀምጠው። ባለፈው ማዳም አይታው “ይሄ ምንድነው?” አለችኝ፣ ደንግጬ ጌጥ ነው አልኳት። ከዚያ ጀምሮ ይቆጨኛል። ጌታ ይቅር ይለኛል? (ከሳዑዲ ዓረቢያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይቅር ይልሻል። ጴጥሮስ እሳት ሲሞቅ “አላውቀውም” ብሎ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ጌታ በጎቼን ጠብቅ ያለው እሱኑ ነው። አንቺ ደግሞ ብቻሽን በሰው ቤት ውስጥ ፈርተሽ ነው። ንስሐ መግባት የምትችዪበት ጊዜ ሲመጣ ለካህን ትነግሪዋለሽ፤ እስከዚያ ድረስ በራስሽ ጸሎት ለጌታ ንገሪው፣ ከዚያ በኋላ ራስሽን አታሠቃዪ።

ስለ እሑድ ቅዳሴ ግዴታም ጭንቀት አይኑርሽ። መሄድ ለማይችል ሰው ግዴታው አይጸናበትም፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህን በግልጽ ይላል። ስትችዪ በስልክሽ የእሑዱን ወንጌል አንብቢ፣ ቀስ ብለሽ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ “ጌታ ሆይ፣ አሁን በቅዱስ ቁርባን ልቀበልህ አልቻልኩም፣ በመንፈስ ወደ ልቤ ና” በዪ። ይህ የቆየ ጸሎት ነው፣ ብዙ የታሰሩና የተሰደዱ ሰዎች የኖሩበት።

በመቁጠሪያው ነገር ደግሞ ተጠንቀቂ። የምትኖሪበት ሀገር ሕግ ሙስሊምን ወደ ሌላ እምነት ለመጥራት አይፈቅድም፣ በአደባባይ ማምለክም አይቻልም። ማንንም ለመስበክ አትሞክሪ፣ ቪዲዮም አትላኪላቸው፣ ራስሽን አደጋ ላይ መጣል ከአንቺ አልተጠየቀም። ግን ማዳም እንደገና ብትጠይቅሽና ሰላማዊ ሰው መሆኗን ካወቅሽ፣ “የምጸልይበት ነው” ብትዪ ይበቃል። እነሱም መቁጠሪያ ያውቃሉ፣ እነሱም ይጸልያሉ።

አንድ ሰው ልንገርሽ፣ ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ። ዳርፉር ተወለደች፣ በልጅነቷ ጠልፈው ለባርነት ሸጧት፣ ከጌታ ወደ ጌታ ተሸጋገረች። በመጨረሻ ጣሊያን ሄዳ ሞግዚት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1889 እመቤቷ ልትወስዳት ስትል አልሄድም አለች፤ የቬኒስ ፍርድ ቤትም ነፃ ሰው ነሽ ብሎ ፈረደላት። በማግስቱ ዓመት ተጠመቀች፣ ከዚያም መነኮሰች። ስኪዮ በምትባል ከተማ ገዳም ውስጥ ምግብ አበሰለች፣ ልብስ ሰፋች፣ በር ጠባቂ ሆነች። የከተማው ሰው የወደዳት እዚያ በር ላይ በነበራት ፊትና ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ከቅዱሳን ማኅበር ቆጠሯት። ቤት የምትሠራ ሴት ሥራ ለቅድስና ትንሽ እንዳልሆነ ከባኪታ በላይ የሚነግርሽ የለም። የምታሳድጊውን ሕፃን በፍቅር ስትይዢው፣ በቁጣ መመለስ ስትችዪ ስትታገሺ፣ እሱ ጸሎትሽ ነው።

ግን መታገስ ያልኩትን በደንብ ተረጂልኝ። ባኪታ ፍርድ ቤት ቆማ አልሄድም ብላለች። የሚደበድብሽ ካለ፣ ደመወዝሽን የሚከለክልሽ ካለ፣ እረፍት የማይሰጡሽ ከሆነ፣ ይህን እግዚአብሔር የሰጠኝ መስቀል ነው ብለሽ ዝም አትበዪ። ለኤምባሲያችን አሳውቂ፣ ለሀገር ልጆች ንገሪ፣ አድራሻሽን ቤተሰብ እንዲያውቀው አድርጊ። ሌላ ቦታ ለመዛወር ዕድሉ ካጋጠመሽ ደግሞ ዱባይ፣ አቡ ዳቢና ኩዌት ትልልቅ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኖች አሉ፤ ቅዳሴም በብዙ ቋንቋ አለ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሱቅ አለኝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ነግጃለሁ። ያለ ደረሰኝ የማይሸጥ ነጋዴ አጠገቤ የለም። ደረሰኝ ልቁረጥ ካልኩ ዋጋዬ ከጎረቤቴ በ15 ከመቶ ይበልጣል፣ ደንበኛ ይሸሻል። በእሑድ እቆርባለሁ፣ ሰኞ እንደዚህ እሠራለሁ። ይህንን በንስሐ መናገር አለብኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዎ፣ ጋሼ፣ መናገር አለብዎት። ጠንከር ብዬ የምመልስልዎት ጥያቄውን ራስዎ በግልጽ ስላነሱት ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ ብዙ አይደለም፣ አከብርዎታለሁ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ሰባተኛውን ትእዛዝ፣ አትስረቅ የሚለውን፣ ሲያብራራ ግብር መሰወርንና ሐሰተኛ ደረሰኝ መሥራትን በስም ጠርቶ ይጠቅሳል። በዚያው ቦታ ሥራን አበላሽቶ መሥራትንም ይቆጥራል፣ ያ ደግሞ ሁላችንንም ይነካል።

ነገ ጠዋት ሱቁን ዝጉ አልልዎትም። ያለ ደረሰኝ ገዝተው ያለ ደረሰኝ ካልሸጡ ከገበያ የሚወጡበት ሁኔታ እንዳለ አውቃለሁ፤ ችግሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ መንግሥትም አስመጪውም ድርሻ አላቸው። ግን ከሚችሉት ይጀምሩ። በደረሰኝ የገዙትን ዕቃ በደረሰኝ ይሽጡ። ደረሰኝ የሚፈልጉ ድርጅቶችንና መሥሪያ ቤቶችን ደንበኛ አድርገው ይያዙ፣ ለእነሱ ደረሰኙ ሸክም አይደለም። ያልሸጡትን ዕቃ ደረሰኝ ለሌላ ሰው መስጠትን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ እሱ ለመኖር ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ሚዛንዎና ሜትርዎ ትክክል ይሁን። የተሸካሚውን ልጅ ዋጋ በዕለቱ ይክፈሉ፣ ነገ ና አይበሉት።

ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ሲገባ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ሉቃስ ምዕራፍ 19 ላይ ነው፣ ከንስሐ በፊት ያንብቡት። ለንስሐ አባትዎ ሲሄዱ ደግሞ ነገሩን በጥቅሉ አይናገሩ። የትኛውን ሥራ በዚህ ወር ማቆም እንደሚችሉ፣ የትኛው ጊዜ እንደሚፈልግ ለይተው ይንገሯቸውና አብራችሁ ወስኑ።